የጾመኛዋ ዲኤክስ ፋሲካ

የቦሎ ሰሞን ሲደርስ በሰፈራችን አንዲት የእሳት ማጥፊያ ከቤት ቤት ትዞራለች። የማን እንደሆነች በውል የሚያውቅ የለም። ዛሬ እኛ ቤት ታድራለች፣ ነገ ባለሱቁ ጋ፣ ከነገ ወዲያ ነርሷ ቤት። ባለሦስት ማዕዘኗ አንጸባራቂ ምልክት የምትገኘው አንድ የሚኒባስ ሾፌር ዘንድ ነው፤ እሱ ደግሞ ክሪክ የሚዋሰው ከእኔ ነው። ደህና ትርፍ ጎማ ያለው ሰው በዚያ ሰሞን ሰላም የሚለው ይበዛለታል። መቐለ ላይ ዓመታዊ ምርመራ የምናልፈው እንዲህ ተዋውሰን ነው። አዋጅ ቁጥር 681/2002ን ያወጡ ሰዎች ይህን ሁሉ ማኅበራዊ ኑሮ አስበውበት እንደሆነ እንጃ።

ጭስ ግን አይዋሱትም።

የእኔዋ ኮሮላ ዲኤክስ ናት፤ 1.3 ሊትር ሞተር፣ ባለ ካርቡራተር፣ ኮምፒውተር የሚባል ነገር በአጠገቧ ያላለፈ። ሊብሬው ነጭ ናት ይላል። ምርመራ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ተራዬ ደርሶ ስገባ ከመርማሪው ጋር ዓይን ለዓይን ተያየን፤ ድሮ ያስተማርኩት ልጅ ነው። አማርኛ ከሃምሳ አሥራ ስምንት እንደሰጠሁት እኔም አልረሳሁም፣ እሱም እንዳልረሳ ፊቱ ይናገራል። በአክብሮት ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝና ቀጭን ቱቦ ማርሚታው ውስጥ ከተተ።

«መምህር፣ እስቲ ትንሽ ነዳጅ ይስጧት።»

ሰጠኋት። ከኋላዬ ተሰልፎ የነበረ የሲኖትራክ ሾፌር መስኮቱን ዘጋ። ከሲኖትራክ ኋላ ሆኖ መስኮት ያልዘጋ ኢትዮጵያዊ የለም፤ ሲኖትራክን መስኮት ያዘጋች ዲኤክስ ግን ከዚያ በፊት ስለመኖሯ አልሰማሁም።

ልጁ የማሽኑን ቁጥር አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ማሽኑን አየ። «ካርቦን ሞኖክሳይዱ ከገደቡ በላይ ነው መምህር። ያሠሯትና ይመለሱ» ብሎ ወረቀት ሰጠኝ። «ወድቋል» ይላል። ይህችን ቃል ዕድሜ ልኬን በቀይ እስክሪብቶ ስጽፍ ኖሬ ታትማ ስትሰጠኝ የመጀመሪያዬ ነው።

መውደቁስ ይሁን። ያንገበገበኝ ክሱ ነው። የዚያ ሁሉ ቁጥር ትርጉም ሲጨመቅ «ይህቺ መኪና ቤንዚን ታባክናለች» ማለት ነው። ይህቺ መኪና! ከሰኔ 2013 በኋላ ወደ ትግራይ ነዳጅ መግባት ሲቆም፣ ባንኩም ስልኩም መብራቱም ሲዘጋ፣ ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ ከመንገድ ዳር ይሸጥ ነበር። ዋጋው ደመወዝ ለሚከፈለው ሰው እንኳ የሚቀመስ አልነበረም፤ እኛ መምህራን ደግሞ ደመወዝም አልነበረንም። ከተማው በብስክሌትና በጋሪ ሆነ። ከእንዳየሱስ ዳገት ላይ ቆሞ ቁልቁል ላየ ሰው መቐለ እንደዚያ ጠርታ ታይታ አታውቅም፤ በሮማናት አደባባይ የእግር ኮቴ ይሰማ ነበር። ስለ አየር ብክለት የሚጨነቁ ሰዎች በዚያን ጊዜ መጥተው ቢለኩን አንደኛ በወጣን። በዚያ ዋጋ የተገኘ ንጹሕ አየር ግን ለማንም አይመኙለትም።

ዲኤክሷ ያን ዘመን በሙሉ ያሳለፈችው ከግቢያችን የበለስ አጥር ጥግ ቆማ ነው። ዶሮ ከሥሯ እንቁላል ጣለች፤ የሰፈር ልጆች ገብተው መሪ እያዞሩ አዲስ አበባ ደርሰው ተመለሱ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነቱ ተፈርሞ ቆይቶም ነዳጅ ሲገባ፣ ባትሪ ተውሰን፣ ሰፈሩ በሙሉ ገፍቶልን፣ ተንተፋትፋ ተነሳች። እልልታም ነበር። ከዚያ ወዲያ ነው ጠባይዋ የተለወጠው። ሁዳዴን በሙሉ ጾሞ ፋሲካ ላይ በቅቤና በሥጋ ሆዱን የሚጎዳ ሰው እንዳለ ሁሉ እሷም ቤንዚን ስታይ መጠን ጠፋት።

ወረቀቴን ይዤ ወደ ሰፈር ስመለስ ምርመራው እንደ አዲስ ተጀመረ፤ በነጻ። ጥቁር ጭስ ቤንዚን በዝቶ አየር ሲያንስ ነው፤ ሰማያዊ ዘይት ሲቃጠል ነው፤ ቶሎ የማይጠፋ ነጭ ከሆነ የራዲያተር ውሃ ወደ ሲሊንደር ገብቷል ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ሾፌር የለም። ጭቅጭቁ ቀለሙ ላይ ነው። ባለሱቁ ጥቁር ነው አለ። የሚኒባሱ ሾፌር ዓይኑን ጨፍኖ ካሸተተ በኋላ ሰማያዊ ነው ብሎ ማለ። ነርሷ ግራጫ ነው አለችና ነገሩን ጭራሽ አወሳሰበችው፤ ግራጫ የሚባል በሽታ አይታወቅማ።

የኬሚስትሪ መምህሩ ጎረቤቴ በጭስ ቀለም የሚከራከር ሰው አይደለም፤ ጠመኔ ከኪሱ አውጥቶ የግቢያችንን የብረት በር ሰሌዳ አደረገው። አንድ ኪሎ ቤንዚን በወጉ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። በመቐለ አየር ስታሰላው አንድ ሊትር ቤንዚን ከ10000 ሊትር በላይ አየር ይጠጣል። አየሩ ካነሰ አንዳንዷ የካርቦን ቅንጣት ሁለት ኦክስጅን ማግኘት ሲገባት አንድ ብቻ ይዛ ትወጣለች፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ማለት እሷ ናት። ቀለም የላትም፣ ሽታ የላትም። ክረምት ላይ ከሰል አቀጣጥለው በርና መስኮት ዘግተው የሚተኙ ሰዎችን ጠዋት ሬሳ አድርጋ የምትገኘውም ይህቺው ናት። «ስለዚህ» አለ ጎረቤቴ እጁን እያራገፈ፣ «እናንተ ቀለሙን የምትጨቃጨቁበት ጭስ ጥላሸት ነው። መምህርን የጣለው የማይታየው ነው።» የሚኒባሱ ሾፌር የማይታየውም ቢሆን ሰማያዊ ነው አለ።

ቀጥሎ ከፍታ መጣ። መቐለ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር ትበልጣለች፤ እዚህ የምንተነፍሰው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው። ካርቡራተር ደግሞ አየሩ ሳስቷል ብሎ ቤንዚን በልኩ መቀነስ አያውቅም። አዲሶቹ መኪኖች በኮምፒውተር እየለኩ ያስተካክላሉ፤ የእኔዋ ግን ጃፓን ለባሕር ዳርቻ በሰፋላት ልክ ትጠጣለች። በዚህ ስሌት ተጠያቂው ዋና ከተማቸውን እዚህ ያደረጉት አፄ ዮሐንስ 4ኛ ሊሆኑ ነው። አዲስ አበባን የቆረቆሩትም ከእኛ ብሰው ከፍ ያለ ቦታ ስለመረጡ በዚህ ጉዳይ ማንም ማንንም አይወቅስም። ደግሞም በከተማችን የሚርመሰመሱት ዲኤክሶች ሁሉ የሚተነፍሱት ይህንኑ አየር ነው፤ እነሱ እያለፉ የእኔዋ ለምን ትወድቃለች? ጎረቤቴ ለዚህ ጥያቄ ጠመኔ አልበቃውም።

ወደ ባለሙያ ሄድኩ። የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ሰው ነበር፤ ኤሌክትሪክ ነው አለ። ካንዴላዎቹን ፈታ፣ ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ለብሰዋል፣ አዳዲስ ገዛን። መኪናዋ አነሳሷ አማረ፤ ማጨሷን ግን አላቋረጠችም። አዳዲሶቹም ብዙ ሳይቆዩ ጠቆሩ። ሁለተኛው ሞተር የሚያወርድ ሰው ነበር፤ ሞተር ይውረድ አለ። ቴስታታ ተነስቶ፣ ፋሻ ተቀይሮ፣ ጓርኒሲዮን ተገዝቶ፤ ዝርዝሩን ሲጽፍልኝ ወረቀቱን ገልብጦ በጀርባው ቀጠለ። ዘይት ጎድላ ታውቃለች ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። አልጎደለችም። እንዲያውም ሞልታ፣ ቀጥና፣ ቤንዚን ቤንዚን ትሸት ነበር። አንድ ሰው ዘይት እየበላ ነው ብለው ጠርጥረውት ዘይቱ ሲጨምር ከተገኘ ክሱ ሌላ መሆን አለበት አልኩና አመስግኜ ወጣሁ።

ሦስተኛው ከሁሉም የረቀቀ ነው። መኪናዬን ሳያይ መፍትሔ ነበረው፤ ለምርመራ ቀን ብቻ የሚከራይ ካርቡራተር። ጠዋት ይገጠማል፣ ምርመራው ይታለፋል፣ ከሰዓት ተፈትቶ ለሌላ ደንበኛ ይሄዳል። ካርቡራተሩ ራሱ ያለፈባቸውን ፈተናዎች ብዛት ሲነግረኝ ዲግሪ ያልሰጡት ለምንድነው አልኩ። በ2015 እንደ ፈረንጆቹ ቮልስዋገን በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ያህል ናፍጣ መኪኖቹ ውስጥ ምርመራ ላይ መሆናቸውን የሚያውቅ ፕሮግራም ደብቆ ሲያዝ ዓለም ጉድ አለ። መኪኖቹ ላቦራቶሪ ውስጥ ጨዋ ናቸው፣ መንገድ ሲወጡ እንደፈለጋቸው ያጨሳሉ። ያን ሁሉ መሐንዲስና ያን ሁሉ ቢሊዮን ቅጣት ሳስብ የእኛ ሰው በአንድ ካቻቢቴ እዚያው መድረሱ ይደንቀኛል። ኪራዩንም ተውኩት፤ መርማሪው የእኔ ተማሪ ነው፣ የተኮረጀ ነገር ባየ ጊዜ ከማን እንደተማረው እንዲጠየቅ አልፈለግሁም።

እዚህ ላይ የወንድሜ ልጅ ገባ። እሱ ቪትዝ አለው፤ ዳሽቦርዷ ላይ የሞተር ምልክት ሁልጊዜ እንደበራ ነው። ቻይና ሠራሽ ትንሽ መሣሪያ ከስልኩ ጋር አገናኝቶ መኪናውን በቁጥር ያናግራታል። ለእኔም ሊረዳኝ መጥቶ ዲኤክሷ ውስጥ የሚሰካበት ቀዳዳ ሲፈልግ አመሸ። የሚሰካበት እንደሌላት ሲገባው አዘነላት። የእሱም ቢሆን ቁጥሩን አወቀው እንጂ አልተፈወሰም፤ ማርሚታው መንገድ ላይ ያለው ካታሊስት ከመግዛቱ በፊት ተሰርስሮ ወጥቷል። ውስጡ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የተቀባ ሸክላ ስለሆነ ቀፎው ለመኪናው ሲቀር ዋናው ለነጋዴ ይሄዳል። መርዛም ጋዝ አጣሪው ዕቃ እንዲህ በኪሎ እየተሸጠ ባለበት አገር የእኔ አሮጊት ብቻዋን ጥፋተኛ ስትባል ደስ አይለኝም። የልጁ ምክር ሽጣትና ኤሌክትሪክ ግዛ ነው። መንግሥት በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ስለከለከለ ዘመኑ የባትሪ ነው፣ ተከዜ 300 ሜጋ ዋት ይዞ አጠገባችን ነው ይላል። ይህን ሲያስረዳኝ መብራት ጠፋ። ስልኩን አብርቶ ቀጠለ።

በመጨረሻ ወደ ኲሓ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ባሕር ዛፍ ሥር ወደሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ሰዎች ላኩኝ። ኮምፒውተር ያላት መኪና ስትመጣ ለልጃቸው ያሳልፋሉ፤ እሳቸው የሚነኩት ካርቡራተር ብቻ ነው። ጭሱን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም።

«ወደይ፣ ስንት ጊዜ ቆማ ነበር?»

እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ነገርኳቸው።

«ስትቆም ታንከሯ ውስጥ ምን ነበር?»

«ግማሽ ቤንዚን አቦይ። ለክፉ ቀን ብዬ በሃይላንድ የገዛሁትንም ጨምሬበት ነበር።»

«እሱማ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ነው» አሉ፤ ገና ሳይከፍቱት።

ከዚያ ከፈቱት። ቤንዚን ሲቆይ ቀላል ቀላሉ ይተናል፣ የቀረው እየወፈረ ወደ ሙጫ ይለወጣል። የካርቡራተሩ ኩባያ ውስጥ ቡናማ ነገር ተጋግሯል። ኩባያው ሲሞላ ተንሳፋፊው ከፍ ብሎ ቤንዚን መግቢያውን የምትዘጋ አንዲት መርፌ አለች፤ እሷ በሙጫው ተይዛ ግማሽ መንገድ ላይ ቀርታለች። ስለዚህ ቤንዚኑ ከልኩ በላይ ይሞላል፣ ሞተሩ የጠየቀም ያልጠየቀም ቁልቁል ይፈሳል፤ ያልተቃጠለው በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ዘይቱን ያቀጥናል። የዘይቱ መጨመር ምሥጢር ይኸው ነበር። ቀጠሉ። ጠዋት ሞተር ሲቀዘቅዝ አየር የምትቀንሰው የቾክ ክዳን ገመዷ ዝጎ፣ እጀታውን እስከ መጨረሻው ብትገፋውም ክዳኗ በከፊል እንደተዘጋች ነች። ይቺ መኪና ቀኑን ሙሉ ማለዳ ላይ ነበረች ማለት ነው።

«አየሩስ ከየት ነው የሚመጣላት?» አሉና የአየር ፊልትሮውን ቤት ከፍተው አዩ። ፊልትሮው አዲስ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሰውዬው ቀይሮታል። ሽማግሌው በዚያ አልተመለሱም። ከፊት ወደ ፊልትሮው የሚገባውን ቱቦ ነቅለው ሽቦ ሰደዱበት፤ የአይጥ ጎጆ ወጣ። ከሞላ ጎደል በወረቀት የተሠራ ነው። ቀይ ምልክት ያለባቸው ቁርጥራጮች አየሁና የማን እንደሆኑ አወቅሁ፤ ትምህርት ሲቋረጥ ግማሹን አርሜ ከኋላ የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ የተውኳቸው የፈተና ወረቀቶች ናቸው። አይጦቹ ከኋላ እስከ ሞተር ሲያመላልሱ ከርመዋል። ከጸሐፊዎቹ ብዙዎቹ ወደ ክፍል አልተመለሱም። ሽማግሌው ፊቴን አይተው ረዳታቸውን «በላስቲክ አድርገህ ስጠው» አሉት።

ጽዳቱ ግማሽ ቀን ፈጀ፤ እኔ ግን ዓመት ብቆም አልሰለችም ነበር። በካርቡራተሩ ቀጫጭን ቀዳዳዎች ውስጥ ሽቦ አይገባም፤ ይህ የእሳቸው ሕግ ነው። ቀዳዳዋ ቤንዚን የምትለካው በስፋቷ ነውና ሽቦ የነካካት ቀዳዳ ከዚያ ወዲያ ለዘለዓለም ከልክ በላይ ትሰጣለች። ጎረቤት ካለው ጎሚስታ አየር ተበድረን እየነፋን አጸዳን። አንደኛዋን ግን ከእኛ በፊት የሆነ ጀግና በሽቦ አስፍቷታል። ሽማግሌው ሣር ላይ ከተኛች የሞተች ዲኤክስ ካርቡራተር ሌላ ፈትተው አመጡ፣ ወደ ፀሐይ ይዘው አዩዋትና «ይቺ ጠበብ ትላለች፣ ለአገራችን አየር እሷ ናት» አሉ። ጎረቤቴ በር ሙሉ የጻፈውን ስሌት በአንድ ዓይናቸው ጨረሱት። አሮጌው ቤንዚን ተቀዳ፣ ታንከሩ ታጠበ፣ ዘይቱ ተቀየረ፣ የቾኩ ገመድ አዲስ ገባለት።

ማሽን የላቸውም። ሞተሩ እስኪሞቅ ጠበቁ፣ ሚኒሞ ላይ አደረጉትና የቅልቅሉን ብሎን በካቻቢቴ ቀስ እያሉ አጠበቁት። ሞተሩ መንገዳገድ ሲጀምር ቆሙ፤ ትንሽ መለሱት፤ ድምፁ ለስለስ ሲል እንደገና ቆሙ። ጆሯቸውን ወደ ኮፈኑ አዘንብለው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። መንገድ ላይ ባጃጅ ሲያልፍ በእጃቸው ዝም በል ይሉታል፤ ባጃጁ የሚሰማ ይመስል። ጥቂት ነድተን ስንመለስ አንዱን ካንዴላ ፈትተው አሳዩኝ፤ ቀላ ያለ ቡናማ ሆኗል፣ ጥላሸት የለም። የጠየቁኝ ሒሳብ ካንዴላ ከገዛሁበት ያንሳል። ልጨምር ብል «ኣጆኻ፣ ለቤንዚን ይሁንህ» አሉኝ።

ምርመራ የሚኬደው ሞተር ሞቆ ነው ብለው ስላስጠነቀቁኝ በመጀመሪያ የእንዳየሱስን ዳገት ወጣሁ። በኋላ መስታወት ሳይ መንገዱ ይታያል። ጣቢያው ስደርስ ልጁ ያንኑ ቱቦ ከቶ፣ ነዳጅ እንድሰጥ አዝዞኝ፣ ቁጥሩን ረዘም ላለ ጊዜ አየ።

«አልፈዋል መምህር።»

«ስንት አመጣሁ?»

«ከአሥራ ስምንት ይሻላል» አለና ሳቁን ለመደበቅ ወደ ማሽኑ ዞረ።

አሁን ውቅሮ ደርሼ ስመለስ የነዳጅ መለኪያዋ ዘንግ ንቅንቅ አትልም። የሚኒባሱ ሾፌር ይህን ባየ ጊዜ ተደንቆ የሽማግሌውን አድራሻ ለመነኝና ሰጠሁት። መለኪያዋ ድሮም እንደማትሠራ አልነገርኩትም፤ ለቦሎ አይጠይቋትም።